ኳሷን ተዋት

ትልቅ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የገባው በአንድ የመረብ ኳስ ውድድር ዋዜማ ነበር። ሌንሱ የእኔ አልነበረም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ቀን ያዋሰኝ ነው። ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚደርስ፣ በየትኛውም ርቀት ላይ እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈት (ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል) ዙም ሲሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከካሜራው ጋር አብሮ በመጣ ቀላል ሌንስ ስሠራ ለኖርኩት ለእኔ የሌላ ዓለም ዕቃ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ጣቴን ከመጫኛው ላይ ሳላነሳ ዋልኩ። ማታ ኮምፒውተሬ ላይ ስገለብጣቸው 1,400 ያህል ፎቶዎች ሆኑ። አብዛኞቹ ጥርት ያሉ ነበሩ፤ የጉልበት መከላከያው ስፌት ሳይቀር ይቆጠራል። የሚታየው ግን ጀርባ፣ ክርን፣ ፊት የሸፈነ ክንድ እና ከመረቡ በላይ ያለ ባዶ አየር ነበር። ኳሷ ባለችበት ፎቶ ውስጥ ሰው የለም፤ ሰው ባለበት ውስጥ ደግሞ ኳሷ ሄዳለች።

በዚያ ቀን ከጎኔ አንድ አዛውንት ፎቶግራፍ አንሺ ተቀምጠው ነበር። የካሜራቸው መያዣ ጎማ ተላጦ በፕላስተር ተጠግኗል። እኔ ያለማቋረጥ ሳንጣጣ እሳቸው አልፎ አልፎ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ አድርገው ካሜራውን ጭናቸው ላይ ያሳርፉታል። በእረፍቱ ሰዓት ሳልጠይቃቸው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ “ልጄ፣ ኳሷን ተዋት” አሉኝ።

“ታዲያ ምኑን ልይ፣ ጋሼ?”

“ሁለተኛ የምትነካትን ልጅ ተመልከት። ኳሷ የት እንደምትሄድ እሷ ትነግርሃለች።”

ያኔ ነገሩ የሽማግሌ ምክር መስሎኝ ነበር እንጂ ውስጡ ያለውን ሥራ አላስተዋልኩም። የመረብ ኳስ ቡድን ኳሷን ወደ ተቃራኒው ሜዳ ለማሻገር ቢበዛ ሦስት ንኪኪ ይፈቀድለታል። በአብዛኛው የመጀመሪያዋ ትቀበላለች፣ ሁለተኛዋ ታመቻቻለች፣ ሦስተኛዋ ትመታለች። አቀባበሉ የተዋጣ ከሆነ አመቻቿ ኳሷን ወደ ግራ፣ ወደ መሐል፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ኋላ ልትሰጥ ስለምትችል ተከላካዮቹም ፎቶ አንሺውም ይቸገራሉ። አቀባበሉ ተበላሽቶ ኳሷ ከመረቡ ርቃ ከወደቀች ግን ምርጫው ይጠብባታል፤ በአብዛኛው ጊዜ ኳሷን ከፍ አድርጋ ወደ ሜዳው ዳር መላክ ብቻ ይቀራታል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ንኪኪ አይቶ ማንበብ የሚችል ሰው፣ ምቱ ከየት እንደሚመጣ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ያውቃል። በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ አንድ ሰከንድ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው።

ምን ያህል ረጅም እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ካሜራችን በሰከንድ 20 ፍሬም፣ ማለትም 20 ነጠላ ምስል የሚያነሳ፣ ብርሃን የሚያስገባው የሹተሩም ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ነው እንበል። እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበለው ለግማሽ ሚሊሰከንድ ነው፤ 20ው ተደምሮ 10 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ይህ ማለት ከ1,000 ሚሊሰከንዶች ውስጥ 990ው ሳይቀረጹ ያልፋሉ ማለት ነው። በሁለት ፍሬሞች መካከል ባለው ክፍተት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ 1.4 ሜትር ያህል ትጓዛለች። ጣትን ተጭኖ መያዝ ሁሉንም ነገር እንደ መሰብሰብ የሚመስለው ድምፁ ስለሚያታልለን ነው፤ በእውነቱ ሰፊ ቀዳዳ ባለው መረብ ትንንሽ ዓሣ እንደ ማጥመድ ነው። በዚህ ላይ የእኛ የራሳችን መዘግየት ይጨመራል። ዓይን ያየውን ጣት እስኪፈጽመው ድረስ ከሰከንድ አንድ አምስተኛው ያህል ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያችው ኳስ ከ5 ሜትር በላይ ሄዳለች። የአንዱ ቡድን ሜዳ ርዝመት 9 ሜትር ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ምቱን አይቶ የሚጫን ሰው የሚያገኘው ከምቱ በኋላ ያለውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ምቱን የሚያገኘው ሳያየው የሚጫን ነው። ሳያዩ ለመጫን ደግሞ ጨዋታውን ማወቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ለብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት ነገር አለ። መረብ ኳስ ባላውቅ ነው እንጂ እግር ኳስ ቢሆን ችግር አይገጥመኝም ብዬ አምን ነበር፤ እግር ኳስን ከልጅነቴ ጀምሮ የማልከታተልበት ሳምንት አልነበረምና። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ የእግር ኳስ ፎቶዎቼ ከመረብ ኳሶቹ የተሻሉ አልነበሩም። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፦ ጨዋታውን የማውቀው እንደ ደጋፊ ነበር። ደጋፊ ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው። ደጋፊ ግብ ሲቆጠር ይዘላል፤ ከግብ በኋላ ያሉኝን ፎቶዎች ብታዩ ግማሹ ሰማይ ግማሹ ሣር ነው፣ ከሕዝቡ ጋር አብሬ ተነስቻለሁና። የቡድኖቹን ታሪክ፣ የዝውውር ወሬውን፣ ማን ስንት ግብ እንዳለው በቃሌ አውቅ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ለካሜራ የሚሆን እምብዛም አልነበረም።

ፎቶ አንሺው የሚፈልገው እውቀት የሰውነትና የቦታ እውቀት ነው። በቀኝ ክንፍ የሚጫወት ግራኝ አጥቂ ወደ መሐል ሰብሮ የመግባት ልማድ ካለው፣ በዚያው በቀኝ በኩል ከግቡ መስመር ኋላ የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው የልጁን ትከሻና ጀርባ ነው፤ በተቃራኒው ማዕዘን የተቀመጠው ግን ፊቱን፣ ደረቱን እና የሚመታበትን እግር በአንድ ላይ ያገኛል። ልዩነቱ የተፈጠረው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ወንበር ሲመረጥ ነው። የማዕዘን ምት ሲሆንም ኳሷን ከምትመታበት ቦታ ጀምሮ መከተል ከንቱ ነው፤ ቀድሞ በግንባር የሚገጨውን ሰው መርጦ፣ ሌንሱን እሱ ላይ አሳርፎ፣ ኳሷ ራሷ ወደ ፍሬሙ እስክትገባ መጠበቅ ነው። በእርግጥ የተመረጠው ሰው አንዳንዴ ሳይዘል ይቀራል፤ ኳሷም ሌላው ላይ ታርፋለች። አምስት ጊዜ ተሳስቶ በስድስተኛው ማግኘት፣ ስድስቱንም ጊዜ ከአየር ላይ ኳስ ከማሳደድ ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ።

ጥቃቅን ምልክቶችም አሉ። ዳኛው እየሮጠ መጥቶ እጁን ወደ ኪሱ ሲልክ የሚነሳው ካርዱ አይደለም፤ ካርዱን ገና ያላየው ተጫዋች ፊት ነው። ግብ ሲቆጠር ሁሉም ካሜራ ወደ አግቢው ይዞራል፤ ያም ተገቢ ነው። ነገር ግን የተሸነፈው ግብ ጠባቂ ኳሷን ከመረቡ ለማውጣት የሚያጎነብስባት አፍታ ብዙ አትቆይም፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ሰብስቦ ይነሳል። አግቢው የት ሮጦ ደስታውን እንደሚገልጽም ከልማዱ ይታወቃል፤ አንዳንዱ ወደ ማዕዘን ባንዲራው፣ አንዳንዱ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ፣ አንዳንዱ በልምምድ ወቅት ወደሚረዳው አሠልጣኝ። ይህንን የሚያውቀው የቡድኑን ደረጃ በቃሉ የሚያስታውሰው ሳይሆን ካሜራ ሳይዝ ተጫዋቾቹን የተመለከተው ነው።

አትሌቲክስ በዚህ ረገድ ቀላል ይመስላል፤ ሯጩ የት እንደሚደርስ ይታወቃላ። በ3,000 ሜትር መሰናክል ሩጫ ሯጮቹ 28 መሰናክልና 7 የውኃ ዝላይ እንዳለባቸው የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ያው ቦታ ሰባት ጊዜ እንደሚመለስለት ስለሚያውቅ ይረጋጋል። በመጀመሪያው ዝላይ ብርሃኑን ይለካል፣ በሁለተኛው ማን በእጁ ተደግፎ እንደሚያልፍ ያያል፣ ድካሙ በግልጽ የሚታይባቸውን የመጨረሻዎቹን ሁለት ዝላዮች ደግሞ ለዋናው ፎቶ ያስቀምጣል። የመጨረሻው መስመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ 27:18.20 በ27:18.29። ከ25 ዙር በኋላ የተረፈው ልዩነት በሰከንድ 10 ፍሬም የሚያነሳ ካሜራ በሁለት ፍሬሞቹ መካከል ከሚተወው ክፍተት ያንሳል። እንዲህ ባለ ፍጻሜ ፊት ለፊት በረጅም ሌንስ የጠበቀ ሰው ሁለቱንም ፊቶች ከነምጡ ያገኛል፤ ረጅም ሌንስ ርቀቱን አጣብቆ ስለሚያሳይ ግን ማን እንደቀደመ ፎቶው አይናገርም። ከጎን የቆመው ቅድሚያውን ያሳያል፤ ፊቶቹ ግን በጎናቸው ብቻ ይገኛሉ። ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። የትኛውን እንደሚሻ የመጨረሻው ዙር ደወል ሳይደወል መወሰን አለበት፤ ለመወሰንም የትኛው ሯጭ በመጨረሻ የሚፈተለክ፣ የትኛው ደግሞ ቀድሞ ፍጥነቱን የሚጨምር እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል።

እውቀትና ዕቃ የተገናኙበት አንድ ፎቶ ምረጥ ብባል፣ ካሜሮን ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ዩሴን ቦልትን ወደ ጎን ዞሮ ፈገግ ሲል ያነሳውን እመርጣለሁ። ቦልት በማጣሪያ ሩጫዎች ተፎካካሪዎቹን ጥሎ ከሄደ በኋላ ዘና ብሎ ወደ ጎን የመመልከት ልማድ እንደነበረው አትሌቲክስን የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ስፔንሰር ግን ይህን ማወቁን ወደ ድፍረት ቀየረው፤ ሹተሩን ወደ 1/40 ሰከንድ አውርዶ ካሜራውን ከሯጩ ጋር እኩል እያዞረ አነሳ። በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 12 ሜትር የሚሮጥ ሰው ሹተሩ ተከፍቶ ሳለ 30 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ የእጅ ዙረቱ ከሯጩ ፍጥነት ጋር ጥቂት ቢዛነፍ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል። ተሳክቶ ግን የቦልት ፊት ጠርቶ የተቀሩት ሯጮችና የኋላው መደብ ወደ ቀለም ጅረት ተለወጡ። እኔ ይህን ዘዴ ስሞክር ከመቶው ዘጠና ሰባቱን እሰርዛለሁ፤ የተረፉትን ሦስቱንም ቢሆን ለሰው ማሳየት ያሳፍረኛል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 በታሂቲ ቴአሁፖ በኦሊምፒኩ የማዕበል ቀዘፋ (ሰርፊንግ) ውድድር ላይ ዤሮም ብሩዬ ያነሳው የብራዚላዊው ቀዛፊ የጋብሪኤል ሜዲና ፎቶም ከዚህ አይርቅም። ጀልባ ላይ ሆነው የሚጠብቁት ፎቶ አንሺዎች ሜዲና ማዕበሉ ውስጥ የሠራውን ማየት አይችሉም ነበር፤ የሚያዩት የማዕበሉን ጀርባ ነው። ብሩዬ ግን ታላላቅ ቀዛፊዎች የተዋጣለት ቀዘፋ ሲጨርሱ በማዕበሉ ጫፍ ዘለው እንደሚወጡ ያውቃልና ሌንሱን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ አነጣጥሮ ጠበቀ። ሜዲና ወጣ፤ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ሰሌዳው ከጎኑ እንደ እሱ ቀጥ ብሎ፣ አየር ላይ የቆመ መሰለ። ለዚያ ቀዘፋ የተሰጠው ነጥብ 9.90 ነበር። ብሩዬ ያነሳው አራት ፍሬም ሲሆን ዓለምን የዞረው አንዱ ነው። የእኔን 1,400 ሳስታውስ ይህ አራት የሚለው ቁጥር ይቆረቁረኛል።

እንዲህ ስል ዕቃን የማቃልል አይምሰል። “ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንጂ ካሜራ አይደለም” የሚሉ ሰዎች ዘወትር ያበሳጩኛል፤ ብዙዎቹ ጥሩ ካሜራ ያላቸው ናቸውና። ከካሜራዬ ጋር የመጣው ቀላል ሌንስ ረጅሙ ጫፉ ላይ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ነበር። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 2.8 መሄድ አራት እጥፍ ብርሃን ማግኘት ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) ሳይነካ 1/250 ሰከንድ ብቻ በሚፈቅድ አዳራሽ ውስጥ በ1/1000 መሥራት ይቻላል ማለት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚንቀሳቀስ ሰው በ1/250 ሰከንድ 4 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ በ1/1000 ግን 1 ሴንቲሜትር ብቻ። እጁና እግሩ ደግሞ ከገላው ይፈጥናሉ። ምቱ መቼ እንደሚሆን በትክክል አውቄ፣ በትክክለኛው ቅጽበት ተጭኜ፣ ያገኘሁት ግን የደበዘዘ እጅ የሆነባቸው ዓመታት ነበሩኝ። ያ ደግሞ ካለማወቅ የባሰ ያናድዳል። በዚያ ላይ በሰፊው የሚከፈት ሌንስ ከተጫዋቹ ኋላ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳና የተመልካች ግርግር አለስልሶ ሰውየውን ለይቶ ያወጣል፤ ይህን በርካሽ ሌንስ ማስመሰል አይቻልም።

ስለዚህ አቅም ውስን ከሆነ ገንዘቡን ሌንስ ላይ አውሉት፤ ካሜራው ያረጀ ቢሆን ግድ የለም። ትልልቆቹ፣ ለምሳሌ 400 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ አዲሶቹ እንኳ ወደ 3 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ያለ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መደገፊያ) ዘጠና ደቂቃ መያዝ ክንድን ያንቀጠቅጣል፣ የተንቀጠቀጠ ክንድም ያወቀውን ቅጽበት ያሳልፋል። ርቀት የሚጨምሩት 1.4 እጥፍ ማራዘሚያዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ግን ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሱታል፤ ለቀን ጨዋታ እንጂ ለአዳራሽ አይሆኑም። ፈጣን ሚሞሪ ካርድና ትርፍ ባትሪ የሚለውን ሁሉም ሰው ስለሚናገረው አልፈዋለሁ።

ዕቃ የሚጥለው ገደብ ራሱ እውቀትን የሚያስገድድበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1965 በሜይን ግዛት በሉዊስተን መሐመድ ዓሊ ሶኒ ሊስተንን በመጀመሪያው ዙር ሲጥለው፣ የ22 ዓመቱ የስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ፎቶ አንሺ ኒል ላይፈር ከሪንጉ በላይ የተሰቀሉ ፍላሾችን ይጠቀም ነበር። ፍላሾቹ አንዴ ከበሩ በኋላ እስኪሞሉ ድረስ መጠበቅ ግድ ስለነበር፣ ዓሊ በወደቀው ሰው ላይ ቆሞ የሚጮህባትን ያችን ቅጽበት ለማግኘት የነበረው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። በፎቶው ውስጥ በዓሊ እግሮች መካከል አንድ ሌላ ፎቶ አንሺ ይታያል፤ ኸርብ ሻርፍማን ይባላል፣ የዚያው መጽሔት ባልደረባ ነው፤ የተቀመጠው ግን በተቃራኒው በኩል ነበር። ሊስተን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወድቆ ቢሆን ታሪኩ ይገለበጥ ነበር። ዕድል የለበትም አልልም። ላይፈር ግን ያችን አንዲት ብልጭታ ቀድሞ አላባከናትም።

የዛሬዎቹ ካሜራዎች ይህን ሁሉ ያስቀሩታል የሚል ክርክር እሰማለሁ። ፊት ለይተው ይከተላሉ፤ አንዳንዶቹ መጫኛውን ሙሉ በሙሉ ከመጫናችን በፊት ያለፈውን ግማሽ ሰከንድ ያህል በማኅደራቸው ይዘው ይጠብቁናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 3 በሰከንድ 120 ፍሬም ያነሳል፤ መላውን ምስል በአንድ ጊዜ ስለሚያነብም በሌሎቹ ኤሌክትሮኒክ ሹተሮች ላይ የሚታየውን የጎልፍ ዱላ መጉበጥና የኳስ መንጋደድ አስቀርቷል። በቅንነት ለመናገር፣ የጣቴን መዘግየት የሚያካክስልኝን መሣሪያ እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም። ግን መሣሪያው ያለፈውን ግማሽ ሰከንድ የሚያስቀምጠው ሌንሱ የዞረበትን አቅጣጫ ብቻ ነው። ፊት ለይቶ ሲከተልም ከስድስት ፊቶች የትኛው እንደሚዘል አያውቅም።

ከሁሉ የበለጠ የገረመኝ የካሜራውን ቅንብር በትክክል ለመሙላት ራሱ ስፖርቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ፎከሱ በመሐል ሌላ ነገር ሲገባበት ቶሎ ይቀይር ወይስ የያዘውን ሙጭጭ ይበል? ለእግር ኳስ ዳኛውና ተከላካዩ በፊታችን ስለሚያልፉ መታገስ ይሻላል። ለብስክሌት ውድድር ግን አንዱ ከሌላው ጀርባ ድንገት ሲወጣ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። የመመሪያው መጽሐፍ ይህን ከ1 እስከ 5 ባሉ ቁጥሮች ያስቀምጠዋል፤ ቁጥሩን የሚሞላው ግን ጨዋታው ነው።

ይህን የተረዳሁት ከሽማግሌው ምክር ዓመታት በኋላ፣ በሌላ የመረብ ኳስ ውድድር ነው። በዚህ ጊዜ ሌንሱ የራሴ ነው፤ ሌላ ሰው የተገለገለበት፣ ግን የማያሳፍር። የመጀመሪያውን ዙር ካሜራዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁ። 7 ቁጥሯ ከመዝለሏ በፊት ግራ ክንዷን ቀድማ እንደምታነሳ፣ አመቻቿም ስትጨነቅ ኳሷን ሁልጊዜ ለእሷ እንደምትሰጥ መዘገብኩ። በመጨረሻው ዙር አቀባበሉ ተበላሸ፤ ኳሷ ወደ ኋላ ሄደች። ኳሷን ተውኳት። ሌንሴን ወደ ግራው ዳር አዞርኩ፣ ግራ ክንዷ ሲነሳ ተጫንኩ። ሁሉም ነገር ነበረበት፦ የተወጠረው ክንድ፣ ኳሷ ከመዳፏ ጋር የተገናኘችበት ቅጽበት፣ የተከፈተው አፍ፣ ከፊት ለፊት የሚነሱት የተከላካዮቹ ጣቶች።

ማታ ኮምፒውተሬ ላይ አጉልቼ ሳየው ፎከሱ ያረፈው መረቡ ላይ ነው። የመረቡ እያንዳንዱ ቋጠሮ ጥርት ብሎ ይቆጠራል፤ ልጅቷ ከኋላው እንደ ሕልም ደብዝዛለች። ቅንብሩ ካለፈው ሳምንት የብስክሌት ውድድር እንዳለ ቀርቶ ነበር።